የጡሩምባ ቤት ያዋጣል ወይ?

ገምጋሚዋ ነገሩን የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት፣ በእናቷ ቤት መታጠቢያ ክፍል፣ ፊቷን በሳሙና ሸፍና ዓይኗን እንደጨፈነች ነው። መታጠቢያውን ከወጥ ቤቱ የሚለየው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው ሻዩ ውስጥ ስኳር ሲጨምር ስንት ማንኪያ እንደጨመረ እንኳ ይታወቃል። ታላቅ ወንድሟ ኮንትራክተሩና ታናሽ እህቷ ፋርማሲስቷ ቁርስ ላይ ነበሩ።

«አይዞሽ፣ ምንም አትስጊ» አለ ኮንትራክተሩ። «ወረቀቱን ለእሷ የሰጠሁት ለምን መሰለሽ? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አይሆንም ስትል የኖረች ሰው ዛሬ ተነስታ ለጡሩምባ ይሆናል ልትል ነው? ማታ እሷ አይሆንም ትላለች፣ እኛ እናዝናለን፣ ሰኞ ሲሚንቶው ይገባል።»

«ምስኪን» አለች ፋርማሲስቷ። ማንን ማለቷ እንደሆነ አልታወቀም። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ።

ሳሙናው ዓይኗን እያቃጠላት ቆማ ቀረች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አባታቸው ትቶላቸው የሞተው ጋራዥ ከግቢው ፊት፣ ዋናውን መንገድ ይዞ፣ ተዘግቶ ተቀምጧል። ሁለት ፈላጊ አለው። አንዱ በወር አርባ ሺህ ብር ሊከፍል የተዘጋጀ የሲሚንቶ ነጋዴ ነው። ሌላው የቤቱ የመጨረሻ ልጅ፣ አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶትም ማሙሽነቱ ያልለቀቀው፣ ትራምፔት ስለሚነፋ ሰፈሩ በሙሉ ጡሩምባ እያለ የሚጠራው ወንድማቸው ነው። እሱ ጋራዡን የሙዚቃ ክለብ ማድረግ ይፈልጋል። ጠቡ ሊጀመር ሲል ኮንትራክተሩ መላ አመጣ፤ ቤታችን ውስጥ የባንክ ባለሙያ እያለች ምን ያጨቃጭቀናል፣ እሷ ትገምግመው፣ ያለችው ይሁን አለ። ሁሉም ተስማሙ። እሷ ደግሞ የሰዎችን የብድር ጥያቄ ስትገመግም ኖራ ጡረታ ከወጣች ስምንት ወሯ ነበር፤ በስምንት ወር ውስጥ ከቲማቲም ሻጯ በቀር አስተያየቷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሰነዱን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ደስታዋ እንዳይታይባት መነጽሯን ስትወለውል ቆየች። ለካ የተፈለገችው ለእውቀቷ ሳይሆን ለድርቅናዋ ኖሯል።

ቆሽቷ አረረ። መጀመሪያ የመጣባት እልህ ነው፤ ያለ አንዳች ስሌት «ያዋጣል» ብላ ፈርማ የሁለቱን ፊት ማየት። ነገር ግን በእልህ የፈረመችው አንድም ወረቀት የለም፣ በስድሳ ዓመቷም አትጀምረውም። ፊቷን ተለቃልቃ ወጣች። እህቷ ሻይ ቀዳችላት፣ ወንድሟ ዳቦውን አስጠጋላት፣ የውሃ ታንከሩ እንደሚያፈስ አወሩ። ኮንትራክተሩ ለጨዋታ ያህል «እንዴት ነው ግምገማው?» ሲላት «ገና ሥራው ላይ ነኝ ጋሼ» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ጋራዡ ሰፊ ነው። ወለሉ ዘይት እየጠጣ ስለኖረ የቱንም ያህል ቢታጠብ ጥቁር ነው። በግራ ግድግዳ ላይ አባታቸው እያንዳንዱ መፍቻ ወደ ቦታው እንዲመለስ በነጭ ቀለም የሳላቸው የመፍቻ ቅርጾች እስከ ዛሬ አሉ፤ መፍቻዎቹ ግን የሉም። መካኒኮች ወርደው መኪናን ከሥር የሚያዩበት ጉድጓድ በጠርብ ተሸፍኖ መድረክ ሆኗል። ወንበሮቹ ከሠርግ ዕቃ አከራይ፣ ከተዘጋ ትምህርት ቤትና ከየጎረቤቱ የተለቃቀሙ ስለሆኑ ሁለቱ አይመሳሰሉም። ጡሩምባ አንገቱን አስግጎ ፊት ፊቷን እየሄደ አምፖሎቹን አሳያት። እሷ ግን ቀጥ ብላ የሄደችው ወደ ሽንት ቤቱ ነው። በሥራ ዘመኗ ብድር ጠያቂ ቢሮውን ሊያሳያት ሲጣደፍ መጀመሪያ ሽንት ቤቱን ታይ ነበር፤ ሰው ለእንግዳ ዓይን ያላዘጋጀው ክፍል እውነቱን ይናገራል ብላ ታምናለች። ቧንቧውን ከፈተች፣ ውሃው መጣ። በሩን ቆለፈች፣ ተቆለፈ። «ለዚህ አንድ ነጥብ» አለችው። ጡሩምባ በደስታ እጁን አፋተገ።

ከዚያ ከመድረኩ ጫፍ ተቀምጠው ወረቀቱን ዘረጉ። ጽሑፉ ያማረ ነበር፤ መቶ ሃያ ወንበር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በሰው ሁለት መቶ ብር፣ በወር መቶ ዘጠና ሁለት ሺህ። ከሥሩ በቀይ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ገምጋሚዋ ወጪውን በራሷ መንገድ ደመረችው። ለቤተሰቡ ሲሚንቶው የሚከፍለውን ያህል አርባ ሺህ ኪራይ፣ የሙዚቀኞቹ አበል፣ የድምፅ መሣሪያ፣ መብራት፣ የጽዳትና የበር ሠራተኛ፤ ሁሉም ሲደመር ዘጠና ስድስት ሺህ መጣ። ለስምንት ቀን ሲካፈል በቀን አሥራ ሁለት ሺህ፣ ማለትም ስልሳ ከፋይ። የመጠጡን ገቢ ለተሰበረ ብርጭቆ ተወችው። ስልሳ ሰው ካልከፈለ ክለቡ ኪሳራ ነው፤ ከስልሳ በላይ ከከፈለ ትርፍ ነው። እዚህ ድረስ ነገሩ ክፉ አልነበረም።

«እነዚህ መቶ ሃያ ሰዎች እነማን ናቸው?» አለችው።

ፊቱ በራ። «እሱማ አያሳስብሽ እትዬ! ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ስም ዝርዝራቸው አለኝ።»

እውነትም ነበረው። ከኪሱ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ በኩራት ሰጣት። እሷ እርሳሷን አሾለች።

«ጸጉር አስተካካይህ። ታስከፍለዋለህ?»

«እንዴት አድርጌ? ስንት ዓመት እኮ ነው የምንተዋወቀው።»

«የጊታሪስቱ እህቶች?»

«ሦስቱም? ኧረ ነውር ነው!»

እማዬን ያከመውን ሐኪም ማስከፈል አይቻልም። የግድግዳ ጎረቤት የሆነውን ልብስ ሰፊም አይቻልም፣ ድምፁን ችሎ መቀመጡም ትልቅ ነገር ነው። አብረውት የተማሩት፣ የሚስቱ የሥራ ባልደረቦች፣ አንድ ጊዜ መኪናው ሲበላሽበት የገፉለት ሁለት ሰዎች፣ ሁሉም ተሰረዙ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከመቶ ሃያው ሃያ ስድስት ሰው ቀረ። ከእነሱም አራቱ፣ ጡሩምባ ቆም ብሎ ሲያስበው፣ ዘመድ ሆነው ተገኙ። ገምጋሚዋ በሥራዋ ብዙ ንግድ ሲሞት አይታለች። ሌባ የገደለው አለ፣ እሳት የገደለው አለ፤ ይሉኝታ የገደለው ግን ይበዛል። ሟቹ ሁልጊዜ ደግ፣ ሁልጊዜ በሰው የተወደደ ነው። አሁንም ከጎኗ ተቀምጦ እርሳሷን የሚያየው ሰው ያው ደግ ሰው ነው። መቶ ሃያ ወዳጅ ስላለው ሀብታም የሆነ መስሎት ነበር።

«እና አይሆንም ልትይ ነው» አለ ጡሩምባ፤ ወሽመጡ ተቆረጠ።

ከመመለሷ በፊት ሙዚቀኞቹ ገቡ። ከበሮ መቺው ቀን ቀን ሚኒባስ ይነዳል፣ ጊታሪስቱ የሒሳብ መምህር ነው፣ ዘፋኟ ደግሞ ጥርስ ሐኪም ቤት የእንግዳ ተቀባይ ናት። ሰላምታ ሰጥተዋት ልምምድ ጀመሩ። ገምጋሚዋ ይህን ትራምፔት ለሠላሳ ዓመት ስታውቀው በተዘጋ በር በኩል ነው፤ እንቅልፏን ሲነሳት፣ ለሥራ ፈተና ስታጠና ሲያውካት፣ «ቀንስልን!» ስትለው። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሰምታው አታውቅም ነበር። ጡሩምባ ዓይኑን ጨፍኖ ነፋ። ድምፁ ጉድጓዱን በሸፈነው ጠርብ ውስጥ አልፎ ወደ እግሯ መጣ፣ ከእግሯ ወደ ደረቷ ወጣ። ወንድሟ እንዲህ ጥሩ መሆኑን በዚህ ዕድሜዋ ማወቋ አሳፈራት፤ አሳፈራትም፣ አስደሰታትም። ጥሩ መሆኑ ግን ስልሳውን ሰው ወደ ሃያ ሁለት አያወርደውም። በዚህ ወረቀት ላይ «አያዋጣም» ብላ መፈረም እንዳለባት እያወቀች፣ ያንን መፈረም የዚህን ያህል ጠልታ አታውቅም።

አየር ልትቀበል ወደ በሩ ስትሄድ ነው የተንጠለጠለውን ካርቶን ያየችው። «ዛሬ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የሙከራ ሙዚቃ፣ መግቢያ በነፃ» ይላል። ቆማ አነበበችው። ባንክ እያለች አንድ ዳቦ ቤት ሊከፍት ብድር የጠየቀ ሰው ወረቀት አላሳምን ሲላት፣ ሦስት ማለዳ ከአውቶቡስ ፌርማታ ተቀምጣ ዳቦ ፍለጋ የሚያልፈውን ሰው ቆጥራለች። እርሳሷን አውጥታ «በነፃ» የሚለውን ሰረዘችና «200» ጻፈች።

ጡሩምባ ትራምፔቱን እንደያዘ ሮጦ መጣ። «እትዬ፣ ምን ነካሽ! ሰው ሁሉ ይቀየመኛል!»

«አንተን ለምን ይቀየማል? እኔን ይቀየም። ለኔ ልማዴ ነው።»

ለመግቢያ ትኬት የሚሆን ነገር ስትፈልግ ከመደርደሪያ ላይ የአባቷን የደረሰኝ ጥራዝ አገኘች፤ እያንዳንዱ ቅጠል ላይ «ጎማ ጥገና፣ ዘይት ቅያሪ፣ ሌላ» የሚል ታትሞበታል። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት እያደረገች ቁጥር ጻፈችበት። አንድ የብሎን ቆርቆሮ ባዶ አድርጋ ገንዘብ መያዣ አደረገችው። ከዚያ ጠረጴዛ በሩ ላይ አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን በጉልበቷ ይዛ፣ ልክ እንደ ድሮው የባንክ መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ እንዳለች ተቀመጠች። ጡሩምባ ይህን ላለማየት መድረኩ ጀርባ ገባ።

የመጀመሪያው እንግዳ ጸጉር አስተካካዩ ነበር። ካርቶኑን አነበበ፣ ፈገግ አለ፣ «እኔ እንኳን የእሱ ጸጉር ቆራጭ ነኝ» አለ።

«ጸጉሩን በነፃ ነው የሚቆርጡለት?»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። ከዚያ እስኪያስለው ሳቀና ሁለት መቶ ብር አውጥቶ «ባለፈው ወርም አስከፍዬዋለሁ» ብሎ ገባ። የጊታሪስቱ እህቶች ሦስቱም መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፣ ቀጥሎ የወንድማቸውን ስም ጠሩ፣ ቀጥሎ ከፈሉ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ መጥቶ፣ እኔ እኮ ቤቴ ሆኜ እሰማዋለሁ፣ ግድግዳችን አንድ ነው አላት። «ይስሙ አባቴ፣ ድምፁ ነፃ ነው፤ የሚከፈለው ለወንበሩ ነው» አለችው፤ እሱም ወንበሩን በዓይኑ ለካና ከፈለ። ሁሉም ግን እንዲህ አልሆነም። አንድ የአጎት ልጅ፣ ዓይኗን በጨው ያጠበች ብሎ ሰድቧት ሄደ፤ ከእሱም ጋር አራት ሰው ተመለሰ። ገምጋሚዋ የሄዱትንም በሌላ ወረቀት ቆጠረች፣ ግምገማ ነዋ። ከአራቱ ሦስቱ የትራምፔቱን ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ሲሰሙ ቆዩና ተመልሰው ገቡ። እሷም ምንም እንዳልተፈጠረ ደረሰኝ ቆረጠችላቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሶ ሳለ እናታቸው መጣች። ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ ለሠርግ ብቻ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ጎረቤት ደግፏት፣ ሰው መንገድ እየለቀቀላት ፊት ድረስ ደረሰች። ጠረጴዛው ፊት ቆማ ካርቶኑን አየች፣ ቆርቆሮውን አየች፣ ልጇን አየች። ከኋላ አክስቶች አሉ፣ የአክስት ልጆች አሉ፣ የእናቲቱ የዕድሜ እኩያዎች አሉ፤ ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው። እናት በነፃ ከገባች ቀጥሎ አክስት ናት፣ ከአክስት ቀጥሎ ሰፈሩ በሙሉ ነው። ገምጋሚዋ የደረሰኙን ጥራዝ ወደ ፊቷ ሳበች። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ እናቷን አስከፍላ አታውቅም።

«ባሌ በገነባው ቤት፣ ልጄ በሚነፋበት ቤት፣ እኔን ልታስከፍይኝ ነው?»

«አዎ እማዬ» አለች። «ሁለት መቶ ብር።»

እናቷ ከጡቷ መሐል መሐረቧን አወጣች፣ ቋጠሮውን ፈታች፣ የአምስት መቶ ብር ኖት ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገች። «በይ መልሴን ቶሎ ስጪኝ፣ ዘፈኑ እያለፈኝ ነው» አለች። ሰልፉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከእሷ በኋላ ማንም አልተከራከረም፤ አክስቶቹ ገና ሳይደርሱ ገንዘባቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ገምጋሚዋ ደረሰኝ ስትቆርጥ ፊደሉ ደበዘዘባት፤ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች፣ እንደገና ሥራዋን ቀጠለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የሚመጣ ሰው አለቀ። የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥር ሰባ አራት ነበር። ገምጋሚዋ ጥራዙን ሁለት ጊዜ ቆጠረችው፣ ሰባ አራት ነው። ቆርቆሮውን በብብቷ ይዛ ለማየት ያህል ገባ ብትል፣ ጋራዡ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ጸጉር አስተካካዩና ልብስ ሰፊው ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይወዛወዛሉ፤ ሐኪሙ ኮቱን አውልቋል። ሰው የከፈለበትን ነገር ሳይጠግብ አይወጣምና፣ አክስቶቹ ሁለት መቶ ብራቸውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም በጭፈራ እያስመለሱ ነበር። እናቷ ከወንበሯ እጇን ዘርግታ «ነይ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ምን ቆመሻል» ብላ ጎተተቻት። ገምጋሚዋ መጀመሪያ በትከሻዋ ብቻ ነካ ነካ አደረገች። ቀጥሎ ጫማዋን አወለቀች። ቆርቆሮውን ግን ማን ጋ ታስቀምጠው? በብብቷ እንደያዘችው ጨፈረች፤ ከሥሩ ሳይወጡ የቀሩት ሁለት ብሎኖች ከከበሮው ጋር አብረው ይንሿሿሉ። ከመድረክ ላይ ጡሩምባ አያትና ሳቁ መጣበት፣ ትራምፔቱ አንድ ጊዜ አጓራ፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ስትነሳ የት እንደምትሄድ ያላወቀችው ሴት በዚያች ሰዓት የትም መሄድ አልፈለገችም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ተበትኖ የቤተሰቡ ስብሰባ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ሆነ። ኮንትራክተሩና ፋርማሲስቷ ቀኑን በየሥራቸው ውለው የመጡት ገና አሁን ነው። ኮንትራክተሩ የሲሚንቶውን ነጋዴ ውል በፕላስቲክ ማኅደር ይዟል፤ ፊቱን ለሐዘን አዘጋጅቷል። እናታቸው ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። ጡሩምባ ትራምፔቱን እንደ ሕፃን አቅፎ መሬት መሬት ያያል፤ ከእህቱ አንድም ቃል አልሰማምና።

ገምጋሚዋ ግምገማዋን ከተለመደው በላይ ቀስ ብላ አነበበች። «በአመልካቹ ወረቀት መሠረት ከሆነ አያዋጣም። ደንበኞቹ በሙሉ ወዳጆቹ ናቸው፣ ወዳጆቹን ደግሞ አያስከፍልም። በስድስት ወር ይዘጋል።»

«አይ ጡሩምባ» አለ ኮንትራክተሩ፣ እጁን ወንድሙ ትከሻ ላይ ጭኖ። «አይዞህ።»

«አልጨረስኩም ጋሼ። ዛሬ በሩ ላይ በተደረገው ሙከራ ሰባ አራት ሰው ከፍሏል። የሚያስፈልገው ስልሳ ነው። ስለዚህ ያዋጣል።»

ጡሩምባ ቀና አለ። ኮንትራክተሩ ወረቀቱን ከእጇ ተቀብሎ ራሱ አነበበው፤ ፋርማሲስቷ በትከሻው ላይ አንገቷን አሰገገች። አንድ ቀን ነው፣ አዲስ ነገር ስለሆነ ነው ሰው የመጣው አለ። ልክ ነህ አለችው፤ ለዚያ ነው ወረቀቱ ላይ ለሙከራ ሦስት ወር ብቻ የጠየቀችው። አርባ ሺዋ ከማንም በፊት ለቤተሰቡ ትከፈላለች፤ አንድ ወር ከጎደለች ሲሚንቶው ይግባ፣ እሷ ራሷ በሩን ትከፍትለታለች። ኮንትራክተሩ ጣቱን በየመስመሩ እያወረደ ስህተት ፈለገ። የሥራ ተቋራጭ ነው፣ ሂሳብ ያውቃል፤ ስህተት አጣ። በመጨረሻ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ የበር ሠራተኛ ደመወዝ ብለሽ አስገብተሻል። ሰባ አራቱን ሰው ያስከፈልሽው አንቺ ነሽ። ነገ አንቺ የለሽም። ማንን ነው የምትቀጥሪው?»

«እኔን ነዋ» አለች።

ፋርማሲስቷ ቀድማ ዓይኗን ሰበረች። ገምጋሚዋ ልትወቅሳቸው ጠዋት ብዙ ቃል አዘጋጅታ ነበር፤ አሁን ብትፈልገው አጣችው፣ ቦታው በሙሉ በደስታ ተይዟል። «ቤት መቀመጥ ሰልችቶኛል» አለች በቀስታ። «ዛሬ ደስ ብሎኝ ዋለ። ግምገማው ውስጥ አልጻፍኩትም እንጂ፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነው የዋለው።»

እናታቸው እግሯን ማሸት አቁማ «በሉ እንግዲህ፣ ሰምታችኋል» አለች። ጡሩምባ ተነስቶ እህቱን ሊያቅፍ መጣ፣ ትራምፔቱ መሐላቸው ገብቶ አላስተቃቅፍ አላቸው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ለእናንተ አንድ ልንፋላችሁ፣ ሰምታችሁ እኮ አታውቁም፣ ተቀመጡ ብሎ ወደ መድረኩ ዘለለ። ፋርማሲስቷ ወንበር ሳበች። ኮንትራክተሩ ግን ማኅደሩን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ይሁን አላለም፣ አይሁንም አላለም። ወንድሙ ትራምፔቱን ወደ ከንፈሩ ሲያስጠጋ እሱም ቀስ ብሎ ሊቀመጥ ሲል፣ ገምጋሚዋ ቆርቆሮውን ከፍታ ፊቱ ያዘችለት።

«ጋሼ፣ ሁለት መቶ ብር።»

ሊስቅ ሞከረ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ጡሩምባ ትራምፔቱ ከንፈሩ ላይ እንዳለ ሳይነፋ ጠበቀ። ኮንትራክተሩ መድረኩን አየ፣ ማኅደሩን አየ፣ እናቱን አየ። ከዚያ ማኅደሩን ወለሉ ላይ አስቀመጠና የጀርባ ኪሱን ዳበሰ። አራት መቶ ብር ቆጥሮ ቆርቆሮው ውስጥ ጨመረ።

«የእሷንም እኔ ነኝ የምከፍለው» አለ በአገጩ ወደ ፋርማሲስቷ እያመለከተ። ገምጋሚዋ ሁለት ደረሰኝ ቆረጠችለት፣ ሰባ አምስትና ሰባ ስድስት፣ ወንበሩንም አስጠጋችለት።